በትንሽ በጀት የእንጨት ሥራ ማሽን አመራረጥ፦ ባሕር ዳር ላይ በግቢያቸው ለሚሠሩ

ጓሮ ውስጥ በቆርቆሮ የተከለለች ክፍል አለቻችሁ እንበል። ወይም ሰፋ ያለ በረንዳ። አልጋውን፣ ቁምሳጥኑን፣ የወጥ ቤት መደርደሪያውን ራሳችሁ ብትሠሩ ደስ ይላችኋል። ምናልባትም ከደመወዝ ጎን ትንሽ ገቢ ታስባላችሁ። ገንዘቡ ግን ውስን ነው። ይህ መመሪያ ለእናንተ ነው።

የምክሬን ፍሬ ገና ከጅምሩ ልንገራችሁ። ርካሽ ማሽን ስትመርጡ የሚጠገነውን ከማይጠገነው ለዩ። ኩሽኔታ ይቀየራል። ቺንጋ ይቀየራል። ካርቦን (ለሚዞረው ዲናሞ መብራት የሚያደርስ ትንሽ የከሰል ቁራጭ)፣ ማብሪያ፣ ገመድ፣ ዲስክ ሁሉም ይቀየራል። ዲናሞ ቢቃጠል እንኳ ይጠመጠማል። የተጣመመ የማሽን ገጽ፣ የጎበጠ ዘንግ፣ የተሰነጠቀ ብረት፣ ቀጥ ብሎ የማይጠብቅ መሪ (እንጨቱ ተደግፎት የሚሄድበት ቀጥ ያለ ብረት) ግን ዕድሜ ልክ ያሰቃያችኋል። ስለዚህ ገንዘባችሁን የምታወጡት በማይጠገነው ላይ ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የዚህ ዝርዝር ነው።

ደረጃ 1፦ መጀመሪያ ሥራውን ወስኑ

ወረቀት ያዙና በቅርቡ የምትሠሯቸውን ሁለት ሦስት ነገሮች ጻፉ። ከዚያ በምን እንደምትሠሯቸው ጻፉ። መንገዱ እዚህ ላይ ለሁለት ይከፈላል፤ ወይ ሉህ ነው፣ ወይ ጣውላ።

ሉህ ስል ኤምዲኤፍ፣ ቺፑድና ኮምፔንሳቶን የመሳሰሉ፣ ፋብሪካ ውስጥ በሙጫ ተጨምቀው የሚሠሩ ሰፋፊ እንጨቶች ማለቴ ነው። አንድ ሙሉ ሉህ 2.44 ሜትር በ1.22 ሜትር ነው። ባለ 18 ሚሊ ሜትር ኤምዲኤፍ ከሆነ ወደ 40 ኪሎ ይመዝናል። ይህን ብቻችሁን ይዛችሁ በትንሽ የጠረጴዛ መጋዝ ላይ መግፋት አይቻልም፤ ልሞክር ማለትም አደጋ አለው። ለሉህ የሚሻለው ሉሁን መሬት ላይ በተነጠፉ ጣውላዎች ላይ አስተኝቶ፣ ቀጥ ያለ መሪ በክላምፕ አስሮ፣ በእጅ በሚያዝ ሰርኩላር መጋዝ መቁረጥ ነው። ወይም ትልቅ ማሽን ያለው ወርክሾፕ በልክ ያስቆረጣችሁትን ወደ ቤት ማምጣት።

በጣውላ የምትሠሩ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። ግራቪሊያና ባሕር ዛፍ ጎጃም ውስጥ በየቦታው አለ። ዋንዛ ደግሞ ለመጋዝም ለመላጊያም የሚታዘዝ ግሩም እንጨት ነው። አገር በቀል ዛፍ ስለሆነና ደኑም ስለተመናመነ ግን ከየት እንደመጣና በፈቃድ እንደተቆረጠ ሳትጠይቁ አትግዙ። ጣውላ መሰንጠቅም መላግም ይፈልጋል። ስለዚህ የጠረጴዛ መጋዝ የግድ ይሆናል።

ሁለቱንም መሥራት ካማራችሁ በሉህ ጀምሩ። መሣሪያው ይቀላል፣ ዋጋውም ይቀንሳል፣ እጃችሁም እስኪፍታታ ጊዜ ይሰጣችኋል። በዓመት አንድ ጊዜ ለሚያስፈልግ ሥራ ደግሞ ማሽን መግዛት ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው። የአልጋ እግር በቶርኖ (እንጨቱን እያዞረ በሚቀርጽ ማሽን) ማስወጣት ከፈለጋችሁ ቶርኖ ያለው ሰው ጋ ወስዳችሁ ከፍሎ ማሠራት ይበቃል።

ደረጃ 2፦ የቤታችሁን መብራት እወቁ

ብዙ ሰው ማሽኑን ገዝቶ ካመጣ በኋላ ነው ስለ መብራቱ የሚያስበው። እናንተ ከመግዛታችሁ በፊት አስቡ።

የመኖሪያ ቤት ቆጣሪ አብዛኛውን ጊዜ ሲንግል ፌዝ (ባለ አንድ መስመር) ነው፤ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ። የማሽኑን ዋት ለ220 ብታካፍሉ የሚስበውን አምፒር በግምት ታገኛላችሁ። ባለ 1500 ዋት ማሽን ወደ 7 አምፒር ይስባል ማለት ነው። ከባድ ዲናሞ ያለው ማሽን ግን ሲነሳ ለአፍታ ከዚህ አምስት ስድስት እጥፍ ሊስብ ይችላል። ብሬከሩ ማሽኑን ስታበሩት የሚወድቀው ለዚህ ነው።

አንድ መለኪያ ቤታችሁ ውስጥ አለ። የኤሌክትሪክ እንጀራ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይስባል። ለምጣዱ ለብቻው ወፍራም መስመር ተዘርግቶ ከሆነ ባለ 1.5 ወይም ባለ 2 ኪሎ ዋት ማሽን በዚያ መስመር ላይ ይሠራል። ምጣዱ በጋለበት ሰዓት ግን ማሽኑ ይረፍ። ለአምፖል በተዘረጋ ቀጭን መስመር ላይ የጠረጴዛ መጋዝ አትሰኩ።

ቮልቴጁንም አስለኩ። ጠዋት አንዴ፣ ማታ ሰፈሩ ሁሉ እንጀራ ሲጋግር አንዴ። ቮልቴጅ ሲወርድ የዲናሞ ጉልበት ቮልቴጁ ከወረደው በላይ ይወርዳል። ከ220 ወደ 180 ቢወርድ ጉልበቱ ወደ ሁለት ሦስተኛ ገደማ ይቀንሳል። ዲናሞው ያንኑ ሥራ ለመሥራት ብዙ ይስባል፣ ይግላል፣ በመጨረሻም ይቃጠላል። ማታ ማታ የሚወርድባችሁ ከሆነ ከባዱን መሰንጠቅ ቀን ቀን ሥሩ።

የማራዘሚያ ገመድ ላይ አትቆጥቡ። ባለ 2.5 ስኩዌር ሚሊ ሜትር የመዳብ ገመድ ይሁን፣ እንደተጠቀለለም አትጠቀሙበት። የተጠቀለለ ገመድ ጭነት ሲበዛበት ይግላል፣ ሽፋኑም ይቀልጣል።

በዘመድ በኩል ከአሜሪካ የመጣ ማሽን ብዙ ጊዜ ባለ 110 ቮልት ነው። ያለ ትራንስፎርመር ከሰካችሁት ወዲያው ይቃጠላል። ትራንስፎርመር ብትገዙለትም በ60 ኸርዝ እንዲዞር የተሠራ ከባድ ዲናሞ እኛ ጋ ዝግ ብሎ ይዞራል። በነፃ ካልተሰጣችሁ እለፉት።

ስሪ ፌዝ (ባለ ሦስት መስመር) ማሽን በርካሽ ቢቀርብላችሁስ? የዲናሞውን ሰሌዳ አንብቡ። 220/380 የሚል ከሆነ ኤሌክትሪሺያን በካፓሲተር ወደ ሲንግል ፌዝ ሊያዞረው ይችላል፤ ጉልበቱ ግን በሲሶ ያህል ይቀንሳል። 380/660 የሚል ከሆነ ለቤታችሁ መብራት አይሆንም።

ጄኔሬተር ለምታስቡ ደግሞ፣ ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ስለሚሳሳ ጄኔሬተሩ ሰሌዳው ላይ ከተጻፈው ጉልበት አንድ አምስተኛ ገደማ ያጣል። ያንን አስቀድማችሁ ቀንሱ።

አሁን የምለውን በደንብ ያዙልኝ። መብራት እየሠራችሁ ሳለ ይጠፋል። ማሽኑ ቆመ ብላችሁ ጠጋ ትላላችሁ፣ እንጨቱን ታስተካክላላችሁ። ማብሪያው ግን እንደበራ ነው። መብራቱ ሲመለስ ዲስኩ እጃችሁ አጠገብ ይነሳል። ለዚህ መድኃኒቱ መብራት ሲጠፋ ራሱን የሚያጠፋ፣ ሲመለስ ግን በእጅ ካልተጫኑት የማይነሳ ማብሪያ ነው። ርካሽ ማሽኖች ላይ አብዛኛውን ጊዜ የለም። ለብቻው ገዝታችሁ አስገጥሙ። መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ይህን ማብሪያ ከዲስኩ እኩል አስፈላጊ አድርጌ ነው የማየው።

ደረጃ 3፦ ገንዘቡን ከፋፍሉ

የብር ቁጥር አልጽፍላችሁም። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋ ቶሎ ቶሎ ይለዋወጣል። ድርሻውን ግን ልንገራችሁ። ካላችሁ ገንዘብ ከየ10 ብሩ 5ቱ ለዋናው ማሽን ይሁን። 2ቱ ለጥሩ ዲስክና ለድሪል ጥርስ። ሌላው 2 ለገመድ፣ ለብሬከር፣ ለማብሪያው፣ ለመነጽርና ለአፍ መሸፈኛ። ቀሪዋ 1 ብር ለጥገና ትቀመጥ።

ሙሉውን ገንዘብ ማሽኑ ላይ የጨረሰ ሰው አብሮት በመጣው ደካማ ዲስክ ይሠራል። ከዚያ ማሽኑን ይረግማል።

ደረጃ 4፦ የቱ ይቅደም?

ለሉህ ሥራ፦ ባለ 185 ሚሊ ሜትር ሰርኩላር መጋዝ፣ ድሪል፣ ቢያንስ አራት ክላምፕ፣ አንድ እውነተኛ ስኳድራ (90 ዲግሪ መለኪያ)። በዚህ ብቻ ቁምሳጥን ይሠራል። ጂግሶ (ጥምዝ መቁረጫ) እና ራውተር (ጠርዝና ቦይ ማውጫ) ቀስ ብለው ይመጣሉ።

ለጣውላ፦ ባለ 254 ሚሊ ሜትር ዲስክ የጠረጴዛ መጋዝ ይቅደም። ሙሉ ከፍ ሲል ከ7 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ይቆርጣል። ለቤት ዕቃ ከበቂ በላይ ነው። መላጊያ ማሽን ለመግዛት አትቸኩሉ። መጀመሪያ ጣውላችሁን እየከፈላችሁ ማሽን ቤት አስልጉ። ምልልሱ ሲበዛና ክፍያው ሲከብድ ያኔ ትገዛላችሁ። ያኔም ምን ያህል ስፋት እንደሚያስፈልጋችሁ በተግባር አውቃችሁታል።

የዲናሞውን ዓይነት መለየትም ይጠቅማል። ቀላሉና ጯሂው ዓይነት በካርቦን የሚሠራ ነው። ይፈጥናል፣ ይጮኻል፣ ረጅም ሰዓት ሲሠራ ይግላል፣ ካርቦኑም በየጊዜው ይቀየራል። ከባዱና ዝምተኛው ዓይነት ካርቦን የለውም፤ በደቂቃ ወደ 1400 ወይም ወደ 2800 ይዞራል፣ ቺንጋ ይነዳል፣ ዕድሜውም ረጅም ነው። ግድግዳ ለግድግዳ ከጎረቤት ጋር የምትኖሩ ከሆነ ለሁለተኛው ትንሽ ጨምራችሁ ክፈሉ። ሰርኩላር መጋዝ እንጨት ሲቆርጥ ከ100 ዴሲቤል ያልፋል። እሁድ ጠዋት ጎረቤት እንዲታገሣችሁ ከፈለጋችሁ ይህን አስቡበት።

ማሽኑ ላይ የተለጠፈ የፈረስ ጉልበትም አያታልላችሁ። አንድ የፈረስ ጉልበት 746 ዋት ነው። ባለ 16 አምፒር ሶኬት ቢበዛ 3500 ዋት ገደማ ይሰጣል። ሶኬት ላይ የምትሰካ ትንሽ ማሽን «5 የፈረስ ጉልበት» ተብሎ ከተለጠፈባት፣ ወደ 3700 ዋት ልታወጣ ነው ማለት ነው። ሶኬቱ ያልሰጣትን ከየት ታመጣለች? ተለጣፊውን ትታችሁ ብረቱ ላይ የተመታውን ሰሌዳ አንብቡ።

ደረጃ 5፦ አዲስ፣ ያገለገለ ወይስ እዚሁ የተበየደ?

አዲስ ርካሽ የእጅ መሣሪያ መግዛት ጥሩ ነው። ኢንግኮና ቶታል የመሳሰሉት ለቤት ሥራ ይበቃሉ። ቦሽና ማኪታ ሲባል ግን አስመስሎ የተሠራም አለና ክብደቱን፣ የጽሑፉን ጥራትና የሳጥኑን ቁጥር አስተያዩ። ካርቦኑና ኩሽኔታው ከተማው ውስጥ ይገኝ እንደሆነም ጠይቁ። መለዋወጫ የሌለው ማሽን በርካሽም አይገዛም።

ቆሞ የሚሠራ ከባድ ማሽን ላይ ደግሞ ያገለገለውን እመርጣለሁ። በአንድ ዋጋ፣ አዲስ ከሆነ ቀጭን ላሜራ ታገኛላችሁ፣ ያገለገለ ከሆነ ግን ወፍራም ብረት። ቤት ዘግቶ ዕቃውን የሚሸጥ ወርክሾፕ ሲገኝ ወሬው በቴሌግራምም በደላላም ይመጣል። ደላላው ሲያጣድፋችሁ «ወንድሜ፣ መብራት ያለ ቀን ሳላየው ቀብድ አልከፍልም» በሉት። ባለቤቱ ትልቅ ሰው ከሆኑ ደግሞ «ጋሼ፣ ምን ምን ይሠሩበት ነበር? ለመጨረሻ ጊዜ ምኑ ተቀየረለት?» ብላችሁ በአክብሮት ጠይቁ። በሙያው የኖረ ሰው ስለ ማሽኑ በፍቅር ያወራል፣ ጉድለቱንም አይደብቅም።

እዚሁ አገር በአንግል ብረት የሚበየዱት መጋዝና መላጊያ ማሽኖችም አሉ። ዋጋቸው ደህና ነው፣ መለዋወጫቸውም ተራ ኩሽኔታና ቺንጋ ነው። ችግሩ ብየዳ ብረትን ስለሚስብ ገጹ ሊጣመም መቻሉ ነው። ዲስኩና ቺንጋው ላይ ብዙ ጊዜ መሸፈኛም አይደረግላቸውም። አሠርታችሁ ከሆነ የምትገዙት መሸፈኛውን ከዋጋው ጋር ተዋዋሉ።

ደረጃ 6፦ ቆማችሁ መርምሩ

ይህን ደረጃ በጥድፊያ አትለፉት። ይዛችሁ የምትሄዱት ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ፣ ሜትር፣ ስኳድራ፣ ካቻቢቴ፣ አንድ የደብተር ወረቀት፣ የአንድ ብር ሳንቲምና አንድ ቁራጭ ጣውላ ነው። ባለሙያ ከጎናችሁ ቢኖር ደግሞ የተሻለ። ባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ በ1955 ዓ.ም ሲከፈት የእንጨት ቴክኖሎጂ ከትምህርቶቹ አንዱ ነበር፤ ሙያው ከተማው ውስጥ የቆየ ነውና ጠይቃችሁ የሚያውቅ ሰው አታጡም።

መጀመሪያ መብራቱ ተነቅሎ ይሁን። ማስመሪያውን በጠርዙ ገጹ ላይ አቁሙ፤ በቁመት፣ በወርድ፣ ከጥግ እስከ ጥግ። ከሥሩ ብርሃን የሚታይበት ቦታ ላይ የደብተር ወረቀቱን ለማስገባት ሞክሩ። አንድ ወረቀት ወደ 0.1 ሚሊ ሜትር ይወፍራል። አንድ ወረቀት ብቻ ከገባ ችግር የለም። ሦስት አራት ድርብ ሆኖ ከገባና ቦታውም ዲስኩ አጠገብ ከሆነ ማሽኑን ተዉት።

ቀጥሎ ዘንጉ። ዲስኩን በሁለት እጅ ይዛችሁ ወደ ጎን ወዝውዙት። ቋ ቋ የሚል ከሆነ ኩሽኔታው አልቋል፤ ይህ ይቀየራል፣ ዋጋ ማስቀነሻ ይሁናችሁ። ከዚያ አንድ ጥርስ ላይ በእስክሪብቶ ምልክት አድርጉ። ጥርሱን ወደ ፊት አምጡና ከመሪው ያለውን ርቀት ለኩ። ዲስኩን በእጅ አዙራችሁ ያንኑ ጥርስ ወደ ኋላ ውሰዱና እንደገና ለኩ። ልዩነቱ ከግማሽ ሚሊ ሜትር በላይ ከሆነ መሪው ከዲስኩ ጋር ትይዩ አይደለም። ፈትቶ የሚያስተካክሉት ቡሎን ካለ አስተካክላችሁ እዩ። ከሌለው ግን ይህ ማሽን እንጨት እያቃጠለ፣ እየነከሰ፣ ወደ እናንተም እየወረወረ ይኖራል።

መሪውን አጥብቁና ጫፉን በአውራ ጣታችሁ ገፋ አድርጉት። ከተንቀሳቀሰ አይረባም። ርካሽ የጠረጴዛ መጋዞች በብዛት የሚወድቁበት ፈተና ይህ ነው፤ እኔም የምፈርደው በዚህ ነው። ብዙ ገዢ ዲናሞውን አስነስቶ ድምፁን ሰምቶ ይከፍላል። ቁም ሳጥናችሁ በሩ ገጥሞ እንዲዘጋ የሚያደርገው ግን ይህ የማይነቃነቅ መሪ ነው።

ዲስኩን ወደ 45 ዲግሪ አዘንብሉትና መልሱት። በስኳድራ ስትለኩት በትክክል 90 ላይ ተመልሶ ቆመ? ከፍና ዝቅ የሚያደርገው እጀታስ ሳይንሸራተት ይቆማል? የብረቱን ጥግ ጥግ በተለይ ቡሎን በገባበት ዙሪያ እዩ። አዲስ ቀለም የተቀባ ማሽን ላይ ስንጥቅ በቀለም ሊሸፈን ይችላልና በጥፍራችሁ ፈትሹ።

አሁን ይብራ። ከዲስኩ መስመር ወደ ጎን ቁሙ። ድምፁ እኩል ይሁን። ሳንቲሙን ከዲስኩ ርቆ ገጹ ጥግ ላይ በጠርዙ አቁሙት፤ ቆሞ ከቆየ ንዝረቱ ትንሽ ነው። የካቻቢቴውን ጫፍ በኩሽኔታው መያዣ ብረት ላይ አሳርፉ፣ እጀታውን ጆሯችሁ አጠገብ አድርጉ፤ የሚዞር ነገር እንዳይነካ ተጠንቀቁ። ለስላሳ ዥው የሚል ድምፅ ደህና ነው። ጠጠር የሚፈጭ የሚመስል ከሆነ ኩሽኔታ ይቀየራል። ዝም ብሎ አሥር ደቂቃ ያህል ይዙር። ከዚያ አጥፉትና ዲናሞውን በእጃችሁ ዳስሱ። ሞቅ ያለ ይሁን እንጂ የሚያቃጥልና የተቃጠለ ሽታ ያለው አይሁን። በካርቦን የሚሠራ ከሆነ በአየር ማስወጫው ቀዳዳ የሚታየው ብልጭታ ትንሽና ሰማያዊ መሆን አለበት፤ ዙሪያውን የሚሽከረከር ቢጫ እሳት ካያችሁ ካርቦኑ ወይም ከሥሩ ያለው መዳብ ተጎድቷል።

በመጨረሻ ያመጣችሁትን ጣውላ ቁረጡ። ሻጩ ሳይሆን እናንተ።

ደረጃ 7፦ ዲስኩ

ማሽን ርካሽ ይሁን፣ ዲስክ ግን አይርከስ። የጥርሱ ጫፍ ካርባይድ (ቶሎ የማይደንዝ በጣም ጠንካራ ነገር) የሆነ ግዙ። ጣውላ በቁመቱ ለመሰንጠቅ 24 ጥርስ፣ ለሁሉም ሥራ 40፣ ለኤምዲኤፍና ኮምፔንሳቶ 60 ወይም ከዚያ በላይ። መካከለኛ ቀዳዳው ከዘንጋችሁ ጋር መግጠም አለበት፤ 20፣ 25.4 ወይም 30 ሚሊ ሜትር ሊሆን ይችላል። ዲስኩ ላይ የተጻፈው ከፍተኛ የዙር ፍጥነት ከማሽኑ ፍጥነት ማነስ የለበትም። ሁለት ብቻ መግዛት የሚችል ባለ 24ና ባለ 60 ይግዛ።

ደረጃ 8፦ ሰውነታችሁ

ባሕር ዛፍ ውስጡ የታመቀ ኃይል አለው። እየተሰነጠቀ ሳለ ተመልሶ ይገጥምና ዲስኩን ይቆነጥጣል። ዲስኩ ደግሞ እንጨቱን ወደ ሆዳችሁ ይወረውረዋል። ይህን የምትከላከለው ከዲስኩ ጀርባ የምትቆም ቀጭን ከፋፋይ ብረት ናት። ውፍረቷ ከዲስኩ አካል ትንሽ በለጥ፣ ጥርሱ ከሚከፍተው ስንጥቅ ደግሞ ትንሽ ቀነስ ያለ ይሁን። ከማሽኑ ጋር ካልመጣች ብረት ቤት አሠሯት። ጠባብ እንጨት በእጅ ሳይሆን በመግፊያ እንጨት ግፉ።

ጓንት አታድርጉ፤ የሚዞር ነገር ጓንቱን ከነጣቱ ይስባል። ነጠላ፣ ሻርፕ፣ ሰፊ እጅጌ ውጭ ይሰቀል።

የእንጨት ብናኝ በዓለም የካንሰር ምርምር ተቋም ካንሰር አምጪ ተብሎ ከተመደቡት አንዱ ነው። የኤምዲኤፍ ብናኝ ሙጫም አለበት። ለጉንፋን የሚደረገው ቀጭን ጨርቅ አይበቃም፤ ኤን95 የተባለውን አድርጉ። ልጆች በሚጫወቱበት፣ እህል በሚሰጣበት ግቢ ውስጥ ነፋሱ ወዴት እንደሚሄድ አይታችሁ ማሽኑን አቁሙ።

ደረጃ 9፦ ቤት ካስገባችሁ በኋላ

ማሽኑን ስታጓጉዙ ገጹን ወይም መሪውን ይዛችሁ አታንሱ፤ ፍሬሙን ያዙ። ወለሉ እኩል ካልሆነ ከእግሩ ሥር ላስቲክ አድርጉ። መጀመሪያ ጥቂት ሰዓት ከሠራችሁ በኋላ ቡሎኖቹን ሁሉ እንደገና አጥብቁ፤ አዲስ ማሽን ይላላል።

ክረምት ሲገባ የጣና ዳር እርጥበት ብረትን ቶሎ ያዝገዋል። የሞተር ዘይት ከቀባችሁ እንጨቱን ያቆሽሻል፣ ቀለምና ቨርኒሽም አይዝም። እዚህ አገር ከማር ጋር ሰም አለላችሁ። ንጹሕ ሰም ፈቅፍቃችሁ በተርፔንታይን ውስጥ ከእሳት ርቆ እንዲሟሟ አሳድሩት። በቀጭኑ ገጹ ላይ ቀቡና ሲደርቅ በጨርቅ ወልውሉት። እንጨቱ ላዩ ላይ ይንሸራተታል፣ ዝገቱም ይዘገያል። ከሰኔ እስከ መስከረም በየሁለት ሳምንቱ ድገሙት፤ ማሽኑንም አየር በሚያስገባ ጨርቅ ሸፍኑት። በላስቲክ ከሸፈናችሁት ውስጡ ላብ ይይዛል።

ዝናቡ ሲያቆም፣ ጥቅምት ላይ፣ ዲስኩንና መሪውን እንደ ደረጃ 6 እንደገና ለኩ። ማሽኑ ከእንጨት ጠረጴዛ ላይ የተገጠመ ከሆነ እርጥበቱ አንቀሳቅሶት ሊሆን ይችላል። ቡሎኑን ፈታ አድርጋችሁ፣ ወደ ቦታው መልሳችሁ፣ አጥብቁት።